የእባብ ብርድና የእኛ ክረምት



በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከመምህር ወደ ተማሪ የምትተላለፍ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። «እባብ ክረምቱን ጉድጓድ ገብቶ ይተኛል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ወጥቶ ይራባል» የምትል ነች። ዐረፍተ ነገሯ በተጸነሰችበት አገር እውነት ነች። እንዳለች ተወስዳ ለማሻ ወይም ለመካነ ሰላም ልጅ ስትነገር ግን እውነትነቷ ይቀራል። ለዚህ አገር ልጅ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃ፣ ጉምና ዝናብ ነው። ልጁ ንቁ ከሆነ እጁን ያወጣና «ታዲያ ባለፈው ነሐሴ በገብሱ ማሳ ዳር ያየነው እባብ ለምን አልተኛም?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ መልስ ካጣ ልጁ ከሁለት አንዱን ያምናል፤ ወይ መጽሐፉ ይዋሻል ይላል፣ ወይ የገዛ ዓይኔ ይዋሻል ይላል። ሁለቱም ለትምህርት አይበጁም።

ነገ ከነገ ወዲያ መምህር ተብለን ወደየገጠሩ የምንሰማራ ሠልጣኞች ለዚህ ልጅ መልስ ሊኖረን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ስለ እባብና ስለ ብርድ እናያለን። በውጭ አገር እባብ በቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች ከመራቢያው ወራት በፊት ሆን ብለው እንስሳውን ለምን እንደሚያቀዘቅዙት እንገልጻለን። ከዚያም ይህ አሠራር ለእኛ ደጋ እባብ ይሠራ እንደሆነ እንመረምራለን።

፩. በመጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል

በአገራችን ልማድ ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ፈረንጆች «ዊንተር» የሚሉት የበረዶ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ነው። ይህ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው በጋ ላይ ይውላል። መዝገበ ቃላቱ ግን ዊንተርን «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብርዱንም ብናየው ከቃሉ ጋር አይገጥምም። በደጋው ውርጭ የሚወርደው በዝናቡ ወራት ሳይሆን ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ሲነጋጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በነሐሴ በተቃራኒው ቀኑም ሌሊቱም ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ልዩነታቸው ጠባብ ነው። እንግዲህ ፈረንጅ «ዊንተር» ሲል የእኛ ልጅ ዝናብ እንዳይታየው ቃሉን «የበረዶ ወቅት» ወይም «የብርድ ወራት» ብንለው ይሻላል።

፪. እባብ ሙቀት ተበዳሪ ነው

እባብን «ደመ ቀዝቃዛ» ማለት ተለምዷል። ይህ ማለት ግን ደሙ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም። በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ የተጋደመ እባብ ሰውነቱ ከእኛ ሰውነት ጋር የተቀራረበ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚመጣበት ቦታ ነው። እኛ፣ በሬውና ዶሮዋ ከበላነው ምግብ ሙቀት እናመነጫለን፤ የሰው ሰውነት ውጭው ቢበርድም ባይበርድም 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ ግን ሙቀታቸውን ከፀሐይና ከመሬት ይበደራሉ።

ይህ አኗኗር ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ምግብ መቆጠብ ነው። ምግቡን ለማሞቂያ የማያቃጥል እንስሳ በጥቂት ይኖራል፤ አንድ ትልቅ አይጥ የዋጠ እባብ ሳምንታት ሳይበላ ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብርድ ሲመጣ ሁሉ ነገር መዘግየቱ ነው። ጡንቻው ይሰንፋል፣ የልቡ ምት ይቀንሳል፣ ሆዱም መፍጨት ያቆማል። በብርድ ጊዜ የዋጠው ምግብ ሳይፈጭ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስና ሊገድለው ይችላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ከታች ያስፈልገናል።

፫. ብርድ እንደ ደወል

በካናዳ ማኒቶባ በሚባለው ክፍለ ሀገር ናርሲስ የምትባል ቦታ አለች። በዚያ ጋርተር የሚባል ቀጭን እባብ በአሥር ሺዎች እየተሰበሰበ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበረዶውን ወቅት ያሳልፋል። መሬቱ ከላይ በበረዶ ሲደርቅ ከታች በጥልቁ ስንጥቅ ውስጥ ውሃ የማይረጋበት ስፍራ ስላለ ይተርፋሉ። በዓመት እስከ ስምንት ወር ድረስ ከመሬት በታች ይቆያሉ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ፀሐይ ስትበረታ በመጀመሪያ ወንዶቹ ይወጡና በጉድጓዱ አፍ ይጠብቃሉ። ሴቲቱ ብቅ ስትል ብዙ ወንዶች ተጠምጥመውባት እንደ ክር ልቃቂት ይሆናሉ።

ዴቪድ ክሩስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚህ እባብ ላይ የደረሱበት ነገር ያስደንቃል። በብዙ እንስሳት ወንዱን ለመራባት የሚያነሣሣው ከቆለጡ የሚመነጨው ሆርሞን ነው። በዚህ እባብ ግን ወንዱን የሚቀሰቅሰው ከረዥም ብርድ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ነው። ቆለጡ የወጣለት ወንድ እንኳ ብርዱን አሳልፎ ሲሞቅ ሴቲቱን ፈልጎ ይሄዳል። ብርዱን ያላየው ግን አይነሣሣም። የወንዱ ዘር ቀድሞ ባለፈው ሞቃት ወቅት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ብርዱ የሚሠራው እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ተማሪው ሁሉ በየቦታው ቢኖርም ደወሉ ካልተደወለ ሰልፉ አይጀመርም።

ደወሉ ለምን አስፈለገ? ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲገናኙና ግልገሎቹ ሙቀትና ምግብ ባለበት ወራት እንዲወለዱ ነው። የዓመቱ ሞቃት ጊዜ አጭር በሆነበት አገር አንድ ወር የዘገየ ግልገል ሳይጠነክር በረዶው ይደርስበታል።

ተመሳሳይ ነገር በእፅዋትም አለ። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የሚታወቀው የፖም ዛፍ በቂ የብርድ ሰዓት ካላገኘ እምቡጡ በደንብ አይከፈትም። ፖም በደጋ እንጂ በቆላ የማይሆነው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ብርድ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም ማለት ነው።

፬. አርቢዎቹ እንዴት ያቀዘቅዙታል?

በአሜሪካና በአውሮፓ እባብን በመስታወት ሣጥን ማርባት የተለመደ ነው። በብዛት ከሚረቡት አንዱ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የመጣው መርዝ የሌለው «የበቆሎ እባብ» ነው። ዓመቱን ሙሉ በሞቀ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ እባብ የወራቱን መለወጥ በምን ያውቃል? አንዳንዱ እንዲያውም ይራባል፤ ብዙ አርቢዎች ግን የትውልድ አገሩን ብርድ በእጃቸው ይሠሩለታል። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) መምረጥ። የሚቀዘቅዘው ጤነኛ፣ ያደገና በደንብ የወፈረ እባብ ብቻ ነው። የከሳ፣ የታመመ ወይም ገና ግልገል የሆነ አይቀዘቅዝም፤ ብርዱ ይገድለዋል።

ለ) ምግብ ማቆም። ከማቀዝቀዙ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ምግብ ይከለከላል፤ ሙቀቱ ግን እንዳለ ይቆያል። ዓላማው ሆዱ ፈጭቶ ባዶ እንዲሆን ነው። ከላይ ያዙልን ያልነው ነጥብ ለዚህ ነበር።

ሐ) ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ። ሙቀቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በየጥቂቱ ወርዶ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይደርሳል። ብርሃኑም ይቀንሳል። በአንድ ቀን ከሙቀት ወደ ብርድ መጣል እንስሳውን ይጎዳል።

መ) መጠበቅ። በዚህ ሁኔታ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ምግብ የለም፤ ንጹሕ ውሃ ግን ከፊቱ አይታጣም። አርቢው ክብደቱን ይከታተላል። በጣም ቢከሳ ወይም ትንፋሹ ቢያፍንና አፉ አረፋ ቢይዝ ቶሎ ወደ ሙቀት ይመልሰዋል።

ሠ) ማሞቅ። ሙቀቱ እንደ ወረደው ቀስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ትንሽ ምግብ ይሰጣል፤ ከዚያ መጠኑ ይጨምራል። ሴቲቱ ቆዳዋን ከቀየረች በኋላ ወንድ ይገባላታል። ከተጠቁ በኋላ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉም በ28 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ይፈለፈላል።

አሁን ዋናውን ነገር እናንሣ። ይህንኑ አሠራር ለሁሉም እባብ ልናደርገው ብንሞክርስ? ጥፋት ይሆናል። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጋናና ከቤኒን አካባቢ የሚመጣ «ኳስ ዘንዶ» የሚባል አነስተኛ ዘንዶ አለ። በአገሩ በረዶ የለም። አርቢዎቹ ለእሱ ሌሊቱን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ያበርዱለታል። በ10 ዲግሪ ለወራት ቢያስቀምጡት በሳንባ በሽታ ያልቃል። ስለዚህ ጥሩ አርቢ ከሁሉ በፊት «ይህ እባብ የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፍ የሚነበበው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

፭. የእኛስ እባብ?

እስቲ ይህንኑ ጥያቄ ወደ አገራችን እናምጣው። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቦረና ደጋ በአንድ ወገን ወደ ደንቆሮ ጫካና ወደ ውርጩ አምባ ይወጣል፤ በሌላ ወገን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ውርጩንና የዓባይን ቃጠሎ የሚለየው የእግር መንገድ ነው። «የአካባቢያችን እባብ» ስንል እንግዲህ የደጋውን ነው ወይስ የቆላውን? መጀመሪያ ይህን መለየት ያስፈልጋል።

ሌላው ልዩነት ቀኑ ነው። በናርሲስ ረዥሙ ቀን ከ16 ሰዓት ይበልጣል፤ አጭሩ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተሩብ ያህል ብቻ ነው። ብርዱም ወራት ቆጥሮ አይመጣም፤ ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል። የአፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች እፅዋት ያጠናው ስዊድናዊው ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ የሞቃቱን ቀንና የቀዝቃዛውን ሌሊት መፈራረቅ በየዕለቱ ከሚለዋወጡ ሁለት ወቅቶች ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የደጋው እባብ ለሦስት ወር የሚተኛበት ምክንያት የለውም። ሌሊቱን በካብ፣ በአይጥ ጉድጓድ ወይም በሥር ሥር ያድራል። ረፋድ ላይ ወጥቶ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ያድናል። ብርዱ ሲጸና ጥቂት ቀን ሊደበቅ ይችላል። በሞቃቱ ቀጣና ያሉ ብዙ እባቦች የመራቢያ ጊዜያቸውን የሚያያይዙት ከዝናብና ከምግብ መገኘት ጋር ነው። ለካናዳው እባብ ደወሉ ብርድ ከሆነ፣ በሞቃቱ አገር ላለው ለብዙው ደወሉ ዝናብ ነው ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ተራራ የራሱ እባቦች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1977 ቮልፍጋንግ ቦመ የተባለ ጀርመናዊ በመቱና በበደሌ መካከል የተገኘችን አንዲት እፉኝት ለሳይንስ አስተዋወቀ። በሌላ አገር የማትገኝ የኢትዮጵያ ብቻ እፉኝት ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የባሌዋ የሐረና ደን እፉኝት ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ተጻፈ። የመጀመሪያይቱ ዛሬ በውጭ አገር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትታያለች። የሚያኖሯት ሰዎች የደጋ ፍጥረት መሆኗን አውቀው ሙቀቷን መለካት ግድ ይሆንባቸዋል። በአገሯ ግን ስሟን የሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። የአሜሪካውን የበቆሎ እባብ በምሳሌነት ከማስተማራችን በፊት የራሳችንን ብናስተዋውቅ አይሻልም?

፮. እፉኝት እናቷን ትገድላለች?

ስለ እፉኝት ከተነሣ አይቀር አንድ የቆየ ነገር እናጥራ። የእፉኝት ልጆች ሲወለዱ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ እየተባለ ሲነገር ሰምተናል። ምሳሌነቱ ለምክር ይጠቅም ይሆናል፤ እንደ ሳይንስ ግን ትክክል አይደለም። ብዙ እባብ እንቁላል ይጥላል። እፉኝት ግን እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ታቆይና ግልገሎቹን በሕይወት ትወልዳለች። ከወለደች በኋላም ትኖራለች። በአፍሪካ በሰፊው የምትገኘው እፉኝት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች። ከኬንያ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ መካነ አራዊት ተወስዳ የነበረች አንዷ ደግሞ 156 ወልዳ ተመዝግቧል።

ይህም ከርእሳችን ጋር ይገናኛል። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ሌሊቱን በሙሉ ይበርደዋል፤ ከቦታውም ሊነሣ አይችልም። በእናቱ ሆድ ያለ ግልገል ግን እናቱ ፀሐይ ስትሞቅ አብሮ ይሞቃል። በዓለም ላይ ወደ ብርድ አገር በሄድን ቁጥር የሚወልዱ እባቦች ድርሻ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል።

፯. ለልጆቹ ደኅንነት

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለፈተና ብቻ አይደለም። የገጠር ተማሪ ድንጋይ ይለቅማል፣ ኩበት ያነሣል፣ ከክምር ሥር ይጫወታል። የቀዘቀዘ እባብ ደግሞ የሚገኘው እዚያው ነው። በማለዳ ብርድ የደነዘዘ እባብ ፈጥኖ መሸሽ አይችልም፤ የሞተም ይመስላል። ግን አልሞተም፤ ሊነድፍ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹን «ሳታዩ እጃችሁን በካብ ውስጥ አትክተቱ፤ የሞተ የመሰለውን እባብም አትንኩ» ብለን ደጋግመን ማስጠንቀቅ አለብን። የእህል ፍርፋሪ አይጥን ይጠራል፣ አይጥም እባብን ይጠራል፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ማጽዳት አንዱ መከላከያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች ተርታ መድቦታል። የተነደፈ ልጅ ቢያጋጥመን እናረጋጋው፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፈን እንዳይንቀሳቀስ እናድርግ፤ ቀለበትና አምባር ካለ እናውልቅ፤ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳት ያባብሳል እንጂ አያድንም።

«በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ» ይባላል። ፍርሃቱ ይገባናል። ሆኖም ያየነውን ሁሉ መግደል መፍትሔ አይሆንም፤ አይጡን ከጎተራችን የሚቀንስልን አንዱ እሱ ነውና።

፰. በክፍል ውስጥ ምን እንሥራ?

እባብ ይዞ ማስተማር አደጋ አለው፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ደግነቱ ለዚህ ትምህርት እባቡ አያስፈልግም፤ በግንቡ ላይ ያለው እንሽላሊት ይበቃል። ተማሪዎችን በቡድን ከፍለን ጧት በ1 ሰዓት፣ በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና ከቀኑ በ10 ሰዓት ግንቡን ከሩቅ እንዲያዩ እናድርግ። ስንት እንሽላሊት ወጣ? ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ? ሰው ሲቀርብ ይሮጣል ወይስ ይዘገያል? ቴርሞሜትር ካለ የአየሩን ሙቀት አብረው ይጻፉ። ከሌለ «ውርጭ አለ፣ ደመና ነው፣ ፀሐይ ነው» ብለው ይመዝግቡ። ይህን በኅዳር አንድ ሳምንት፣ በነሐሴ አንድ ሳምንት ቢያደርጉት መጽሐፉ ያልነገራቸውን በገዛ ዓይናቸው ያገኙታል።

ከዚህም ጋር እባብ ቀይሮ የጣለው ቆዳ የተገኘበትን ወርና ቦታ በአንድ ደብተር ማስፈር ይቻላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ደብተር የአካባቢው የእባብ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል።

ውድ የሙያ ባልደረቦቻችን፤ በመግቢያችን ያነሣናትን ዐረፍተ ነገር ለማሻ ልጅ እንዲህ ብለን ብናስተምራት እንላለን፦ «በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ብዙ እባቦች የብርዱን ወራት ከመሬት በታች ያሳልፋሉ፤ ከብርዱ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ለመራባት ያስነሣቸዋል። በእኛ ደጋ ብርዱ በየሌሊቱ ስለሚመጣና በየረፋዱ ስለሚሄድ እባቡ ሌሊት ይደበቃል፣ ቀን ይሞቃል።» ሁለት መስመር ረዝማለች። ነገር ግን እጁን ላወጣው ልጅ መልስ አላት።